የሌለ የሚመስለው አጥንት፤ ስለ መግነጢሳዊ ሬዞናንስ ምስልና ስለ ጥምር የሕክምና ምርመራ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የሰውን አካል በቢላ ሳይከፍቱ ውስጡን ለመመርመር የሚያስችሉ መሣሪያዎች ከሐኪም ቤት አልፈው ወደ ሳይንስ ማስተማሪያ ጽሑፎች ከገቡ ውለው አድረዋል። ራጅ፣ ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ የሚሉት ስሞች ዛሬ ለመምህሩም ሆነ ለተማሪው እንግዳ አይደሉም። ይሁን እንጂ ስሙ የታወቀውን ያህል አሠራሩ ታውቋል ለማለት አይቻልም። ለጀማሪዎች በሚዘጋጁ ማብራሪያዎች ኤም አር አይ አብዛኛውን ጊዜ የሚተዋወቀው «የሰውነትን ውስጣዊ ክፍል በማግኔት ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ» በሚል ዓይነት አገላለጽ ነው። አገላለጹ አጭር ነው፤ ለማስታወስም አያስቸግርም። ጉድለቱ ግን ከቃል አመራረጥ ያለፈ ነው። ፎቶግራፍ በፊቱ ያለውን ሁሉ ያሳያል ብሎ ያመነ ተማሪ፣ በምስሉ ላይ ያላየውን ነገር «የለም» ብሎ ይደመድማል። የኤም አር አይ ምስል ደግሞ ያለውን ነገር እንደሌለ አድርጎ ሊያሳይ የሚችል ምስል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ነጥብ በሁለት የምርምር ሥራዎች አማካይነት መመርመር ነው። የመጀመሪያው አሜሪካዊው ኬሚስት ፖል ላውተርበር እ.ኤ.አ. በ1973 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ያወጣው አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በኑክሌር ሕክምና መጽሔት ያቀረቡት ጥናት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ የተሰማራ እንጂ የሕክምና ባለሙያ ባለመሆኑ፣ ሂሱ የሚያተኩረው በሐኪሞቹ ውሳኔ ላይ ሳይሆን ሥራዎቹ ስለ መለካት፣ ስለ መገመትና ስለ ማመን በሚያስተምሩን ነገር ላይ ነው።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። የኤም አር አይ ምስል ከተለካ ምልክት ተነሥቶ በሞዴል የተሰላ መልስ ነው። ሁለት የምርመራ ዘዴዎች በአንድ መሣሪያ ሲጣመሩ ደግሞ አንዱ ሞዴል የተወው ነገር በሌላው ቁጥር ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ይህን ሳያስተምሩ ምስሉን ብቻ ማሳየት ተማሪውን ተመልካች ያደርገዋል እንጂ መርማሪ አያደርገውም። ሞዴል ስንል የተፈጥሮን ድርጊት በጥቂት መጠኖችና በእኩልዮሽ ለመግለጽ ሲባል ታስቦበት የሚደረግ ማቃለል ማለታችን ነው።

1. የምልክቱ ምንጭና ሞዴሉ

በሰው አካል ውስጥ በቁጥር ከሁሉ የሚበልጠው አቶም ሃይድሮጂን ነው፤ ለምስሉ ምልክት የሚሰጠውም በተለይ በውሃና በስብ ውስጥ ያለው ነው። የሃይድሮጂን አስኳል፣ ማለትም ፕሮቶን፣ እንደ ትንሽ ማግኔት ሊቆጠር የሚችል ጠባይ አለው። በብርቱ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲገባ ከመስኩ ጋር የሚሰለፉት ፕሮቶኖች በተቃራኒው ከሚሰለፉት በጥቂቱ ይበልጣሉ። ብልጫው እጅግ አነስተኛ ነው፤ በ1.5 ቴስላ መስክና በሰውነት ሙቀት ከአንድ ሚሊዮን ፕሮቶኖች ውስጥ ትርፉ 5 ያህል ብቻ ነው። ከመሣሪያው የሚወጣው ምስል ሁሉ የተመሠረተው በነዚህ ጥቂት ትርፍ ፕሮቶኖች ላይ ነው።

ፕሮቶኖቹ በመስኩ ዙሪያ በተወሰነ ድግግሞሽ ይሾራሉ። ድግግሞሹ ከመስኩ ብርታት ጋር ቀጥተኛ ዝምድና አለው፤ ለእያንዳንዱ ቴስላ 42.58 ሚሊዮን ዙር በሴኮንድ ስለሚደርስ፣ በ1.5 ቴስላ ወደ 64 ሚሊዮን ይጠጋል። በዚሁ ድግግሞሽ የተቃኘ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው ከአሰላለፋቸው ያዘነብላሉ፤ ሞገዱ ሲቋረጥም ወደ ቀድሞው ሁኔታ እየተመለሱ ደካማ ምልክት ይሰጣሉ። ሬዞናንስ የተባለው ይህ የሁለት ድግግሞሾች መገጣጠም ነው።

ፌሊክስ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1946 ይህን ድርጊት በእኩልዮሽ ገለጸው። በዚያው ወቅት ኤድዋርድ ፐርስል በራሱ መንገድ ክሥተቱን ስላገኘ ሁለቱ እ.ኤ.አ. የ1952 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል። የብሎክ ሞዴል የኅብረ ሕዋሱን ጠባይ በሁለት የመመለሻ ጊዜያት ያጠቃልለዋል። ቲ1 የሚባለው ፕሮቶኖቹ ከመስኩ ጋር ወደነበራቸው አሰላለፍ የሚመለሱበት ጊዜ ሲሆን፣ ቲ2 የሚባለው ደግሞ አብረው ሲሾሩ የነበሩት ፕሮቶኖች ኅብረታቸውን የሚያጡበት ጊዜ ነው።

ከዚህ አንድ ከፍ ያለ ትምህርታዊ ቁም ነገር ይገኛል። በምስሉ ላይ የሚታየው ንጣትና ጥቁረት የኅብረ ሕዋሱ ብቻ ሳይሆን መርማሪው የመረጠው የጊዜ አወሳሰድም ውጤት ነው። በአንጎል ውስጥ ያለው ፈሳሽ ለቲ1 ተብሎ በሚነሣው ምስል ጥቁር፣ ለቲ2 በሚነሣው ግን ነጭ ሆኖ ይታያል። ሰውየው አንድ፣ ፈሳሹም ያው ነው፤ የተለወጠው የቀረበለት ጥያቄ ነው።

ሞዴሉ ግን ሁሉን ነገር አልያዘም። በሕያው አካል ውስጥ ያለ ውሃ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ወዲያና ወዲህ ይሰርጻል። ሄንሪ ቶሬ እ.ኤ.አ. በ1956 ይህን የውሃ ስርጸት በብሎክ እኩልዮሽ ላይ ጨመረ። ለብዙ ጊዜ ምልክቱን የሚያዳክም እንቅፋት መስሎ የታየው ይህ ስርጸት፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ራሱ የሚለካ ነገር ሆነና በአንጎል ውስጥ የደም ዝውውር ሲቋረጥ ጉዳቱን ገና በማለዳው ለመለየት የሚያገለግል ዘዴ ወጣው። የምልክት ሞዴል ዕድገት በአብዛኛው የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ይኸውም ትናንት የተተወው ነገር ዛሬ ምን እንደሚናገር በመጠየቅ ነው።

2. የላውተርበር ቀንበር

እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሬዞናንስ ምልክት አንድ ናሙና ምን ጠባይ እንዳለው ይናገር ነበር እንጂ ከናሙናው የትኛው ክፍል እንደመጣ አይናገርም ነበር። ሬይሞንድ ዳማዲያን እ.ኤ.አ. በ1971 ከአይጦች የተወሰዱ ዕጢዎች የመመለሻ ጊዜያቸው ከጤናማው ኅብረ ሕዋስ የረዘመ መሆኑን ቢያሳይም ሥራው ምስል አልነበረም። ላውተርበር ያመጣው አዲስ ነገር መስኩን ሆን ብሎ ተዳፋት ማድረግ ነበር። መስኩ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየበረታ ከሄደ፣ በየቦታው ያሉት ፕሮቶኖች በየራሳቸው ድግግሞሽ ይሾራሉ፤ ስለዚህ ድግግሞሹን የሰማ ቦታውን ያውቃል።

ሙከራው በአስተማሪ ዓይን ሲታይ እጅግ የሚያስመሰግን ቅለት አለው። ውስጣዊ ስፋታቸው 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ቀጫጭን የመስተዋት ቱቦዎች ተራ ውሃ ተሞልተው፣ ስፋቱ 4.2 ሚሊ ሜትር በሆነ ከባድ ውሃ በያዘ ቱቦ ውስጥ ተቀመጡ። ተዳፋቱ በየ45 ዲግሪው ልዩነት በአራት አቅጣጫ ከተለካ በኋላ አራቱ ልኬቶች ተቀናጅተው የሁለቱ ቱቦዎች አቋራጭ ምስል ወጣ። መጽሔቱ በመጀመሪያ ጽሑፉን ሳይቀበለው መቅረቱና ከክርክር በኋላ ማውጣቱ የታወቀ ታሪክ ነው፤ ላውተርበር እ.ኤ.አ. በ2003 ከፒተር ማንስፊልድ ጋር በሕክምና የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ስለ ሥራው የሚጻፉ አጫጭር ማብራሪያዎች ሁለቱ ቱቦዎች መታየታቸውን ብቻ አውስተው ያልፋሉ። ትልቁ ትምህርት ግን ያልታየው ነገር ላይ ነው። አንደኛ፣ በሁለቱ ቱቦዎች ዙሪያ የነበረው ከባድ ውሃ በምስሉ ላይ የለም፤ በእርሱ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ሌላ ዓይነት በመሆኑ የሚሾረው በሌላ ድግግሞሽ ነውና። ሁለተኛ፣ ላውተርበር በሌላ ሙከራ አንዱን ቱቦ ንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን ጥቂት የማንጋኒዝ ጨው የተቀላቀለበት ውሃ ሞልቶ ሁለት ምስል አወጣ። የሬዲዮው ሞገድ ደካማ ሲሆን ሁለቱም ቱቦዎች ታዩ፤ ሞገዱ ሲበረታ ግን ንጹሑን ውሃ የያዘው ቱቦ ከምስሉ ጠፋ። ቱቦው ከቦታው አልተነሣም፤ ውሃውም አልፈሰሰም። የንጹሕ ውሃ የመመለሻ ጊዜ ረጅም ስለሆነ በብርቱው ሞገድ ሥር ምልክት መስጠት አልቻለም እንጂ። የመጀመሪያው የመግነጢሳዊ ሬዞናንስ ምስል ጸሐፊ፣ ምስሉ ያለውን ነገር ሊሰውር እንደሚችል በዚያው ጽሑፉ በገሃድ አሳይቷል ማለት ነው። ይህ ቁም ነገር በኋላ በተጻፉት የማስተማሪያ ጽሑፎች ቸል መባሉ የሚያሳዝን ነው።

ላውተርበር ለዘዴው የሰጠው ስም «ዙግማቶግራፊ» የሚል ነበር፤ ከግሪክ «ዙግማ» የወጣ ሲሆን ትርጉሙ የሚያያይዝ፣ እንደ ቀንበር የሚያጣምድ ማለት ነው። የሬዲዮውን ሞገድና ተዳፋቱን መስክ በዕቃው ላይ ማጣመዱን ለመግለጽ የመረጠው ቃል ነው። ቃሉ ለአፍ ስለማይመች አልጸደቀም፤ በኋላም «ኒውክሌር» የሚለው ቃል ሕዝቡን ያስፈራል ተብሎ ከስሙ ተነሣ። የቀረው «ምስል» የሚለው ቃል ነው። ከትምህርት አንጻር ሲታይ ልውውጡ ኪሳራ አለበት፤ የመጀመሪያው ስም አሠራሩን ይናገር ነበር፣ የአሁኑ ግን ውጤቱን ብቻ ይናገራል።

3. ሁለት መሣሪያ በአንድ ቀንበር

የኤም አር አይ ምስል ቅርጽን አጥርቶ ያሳያል፤ የአካል ክፍሉ ምን ያህል ስኳር እየተጠቀመ እንደሆነ ግን በተለመደው አሠራር አይናገርም። ይህን የሚናገረው ፔት የተባለው ምርመራ ነው። በፔት ምርመራ ፖዚትሮን የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ለታካሚው በደም ሥር ይሰጣል። ፖዚትሮኑ ከኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፉና እያንዳንዳቸው 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ያላቸው ሁለት የጋማ ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ። መሣሪያው ሁለቱን ጨረሮች በአንድ ጊዜ ሲቀበል መነሻቸው በመካከላቸው ባለው መሥመር ላይ መሆኑን ያውቃል።

ችግሩ ጨረሮቹ ከአካል ሲወጡ መመናመናቸው ነው። ከጥንዱ አንዱ በመንገድ ከቀረ ጥንዱ አይቆጠርም። የውሃ የማመንመኛ መጠን በዚህ ኃይል ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 0.096 ያህል ስለሆነ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃን አቋርጠው ከሚያልፉት 100 ጥንዶች ውስጥ ተርፈው የሚቆጠሩት 15 ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የጎደሉትን 85 ጥንዶች በስሌት መመለስ ያስፈልጋል። ለዚህም በየመንገዱ ምን ዓይነት ኅብረ ሕዋስ እንዳለ የሚያሳይ የማመንመኛ ካርታ ያሻል። የፔት ቁጥር ያለዚህ ካርታ ምንም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1998 በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የጀመረው የዴቪድ ታውንሰንድና የሮናልድ ነት ጥምር መሣሪያ ፔትን ከሲቲ ጋር አጣመረ። ሲቲ ራሱ ጨረር በመሆኑና የሚለካውም የጨረር መመናመንን በመሆኑ ካርታው ከእርሱ በቀላሉ ይገኛል። በቀላሉ ስንል ግን ያለ ሞዴል ማለታችን አይደለም፤ የሲቲ ጨረር ኃይሉ ከ511 እጅግ ያነሰ ስለሆነ ቁጥሩ በስሌት መቀየር አለበት።

ከዚያ በኋላ ፔትን ከኤም አር አይ ጋር ማጣመር ታሰበ። የመጀመሪያው እንቅፋት የቆየው የፔት ብርሃን ማጉያ ቱቦ በማግኔት አጠገብ መሥራት አለመቻሉ ነበር፤ ይህ በሴሚኮንዳክተር በተሠሩ ጨረር ተቀባዮች ተወገደ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለቱን ምርመራዎች በአንድ ጊዜ ለሙሉ አካል የሚያከናውን መሣሪያ በሙኒክ ሥራ ጀመረ። ሁለተኛው እንቅፋት ግን በዕቃ መለወጥ የሚወገድ አልነበረም። ኤም አር አይ የሚሰማው ፕሮቶንን ነው፤ ጨረርን የሚያመነምነው ግን በዋናነት የኤሌክትሮን ብዛት ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ቀጥተኛ መሸጋገሪያ የለም።

አጥንት ዋናው ምሳሌ ነው። ጠንካራው አጥንት ጨረርን ከሥጋ አብልጦ ያመነምናል። ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ውሃ ጥቂት ከመሆኑም በላይ የቲ2 ጊዜው ግማሽ ሚሊ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ሒሳብ ከ2 ሚሊ ሴኮንድ በኋላ ከምልክቱ የሚቀረው ከመቶ 2 እጅ ያህሉ ነው። በተለመደው አሠራር መሣሪያው ማዳመጥ ሲጀምር አጥንቱ ተናግሮ ጨርሷል። ስለዚህ በምስሉ ላይ ጠንካራ አጥንትና አየር ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ለጋማ ጨረር ግን አንዱ ግድግዳ ሲሆን ሌላው ክፍት በር ነው።

4. የሙኒክ ጥናት በሂስ ሚዛን

አክሰል ማርቲኔዝ ሞለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ለዚህ ችግር ያቀረቡት መፍትሔ አካሉን በአራት መደብ መክፈል ነው፤ አየር፣ ሳንባ፣ ስብና ስብ ያልሆነ ለስላሳ ኅብረ ሕዋስ። ስብና ውሃን ለመለየት ቶማስ ዲክሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ዘዴ አገልግሏል፤ በስብ ውስጥ ያለው ፕሮቶን በውሃ ውስጥ ካለው በጥቂቱ ዘግይቶ ስለሚሾር፣ በ3 ቴስላ መስክ ልዩነቱ በሴኮንድ 440 ዙር ያህል ይሆናል። ለእያንዳንዱ መደብ አንድ ቋሚ የማመንመኛ ቁጥር ይሰጠዋል። አጥንት የራሱ መደብ የለውም፤ እንደ ለስላሳ ኅብረ ሕዋስ ይቆጠራል።

ጥናቱ የሚመሰገንባቸው ነጥቦች አሉ። ተመራማሪዎቹ ጥምሩ መሣሪያ ገና በእጃቸው ሳይገባ ሐሳባቸውን የፈተኑበት መንገድ ብልሃት ያለበት ነው። ቀደም ሲል በፔትና በሲቲ የተመረመሩ ሕሙማንን ካርታ ወስደው፣ ኤም አር አይ ሊያያቸው በሚችላቸው አራት መደቦች ብቻ አቃለሉት፤ ከዚያም የፔቱን ቁጥር እንደገና አስልተው ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። የተዉትን ነገር ደብቀው አላለፉም፤ አጥንትን መተው ምን እንደሚያስከትል የጥናቱ ዋና ጥያቄ አደረጉት። በርዕሳቸውም ላይ ዘዴውን ሊሠራ የሚችል አማራጭ ብለው አቀረቡት እንጂ የተፈጸመ መፍትሔ አላሉትም። ለሳይንስ ጽሑፍ አርአያ የሚሆን ጨዋነት ነው።

ሂሱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጥናቱ ዘዴውን የመዘነው በተለይ ለሐኪሙ ንባብ ባለው ብቃት ነው፤ ይኸውም ዕጢው አለ ወይስ የለም በሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ በዚህ ሚዛን ዘዴው ያልፋል። የፔት ቁጥር ግን ከዚህ ለበለጠ ጉዳይም ይፈለጋል። ሐኪሙ ከሕክምና በፊትና በኋላ የተገኙትን ሁለት ቁጥሮች አስተያይቶ መድኃኒቱ ሠርቷል ወይስ አልሠራም ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም ምርመራዎች በአንድ ዓይነት መሣሪያ ከተካሄዱ ስሕተቱ በሁለቱም ላይ ስላለ በአመዛኙ ይጣፋል። ነገር ግን የመጀመሪያው ምርመራ በፔትና በሲቲ፣ ሁለተኛው በፔትና በኤም አር አይ ቢደረግ፣ በአጥንት አጠገብ ያለ ዕጢ ቁጥሩ የሚቀንሰው መድኃኒቱ ስለሠራ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሞዴሉ አጥንቱን ስላልቆጠረውም ይቀንሳል። በዚህ መሐል የሚቆመው የታካሚው ተስፋ ነው።

የስሕተቱን መጠን ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ሊያሰላው ይችላል። የአጥንትን የማመንመኛ መጠን ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 0.15 አድርገን ብንወስድ፣ ከለስላሳው ኅብረ ሕዋስ ያለው ልዩነት 0.054 ነው። ጨረሮቹ የራስ ቅልን ከሁለት ወገን ሲያቋርጡ በድምሩ 1.4 ሴንቲ ሜትር አጥንት ያልፋሉ ብንል፣ በሞዴሉ ያልተቆጠረው መመናመን 7 ከመቶ ያህል ይሆናል። በሆድ ዕቃ ላይ ያለ ዕጢን ለሚመረምር ይህ ያን ያህል አያሳስብም። አንጎል ግን በአጥንት ተከቦ የሚኖር አካል ነው፤ የአንጎልን የስኳር አጠቃቀም በቁጥር አስተያይቶ ስለ አእምሮ መድከም ሕመም ለሚወስን ሐኪም ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ ጉድለቱ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ ከራስ ቅል አጠገብ ይበረታል፣ ወደ መሐል ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ስሕተት የበሽታ መልክ ይዞ ሊታይ ይችላል።

ሌላው የሚነቀፈው ነገር የጸሐፊዎቹ ሳይሆን ከእነርሱ በኋላ የመጣ ነው። አራቱ መደቦች በጥናቱ ውስጥ ከነማስጠንቀቂያቸው የቀረቡ ግምት ነበሩ፤ ለሙሉ አካል በተሠራው መሣሪያ ውስጥ ሲገቡ ግን ግምትነታቸው ከዓይን ተሰወረ። በማያው ላይ የሚወጣው ቁጥር «አጥንት ሳይቆጠር» የሚል ቃል አልተጻፈበትም። በጥማድ እርሻ አንዱ በሬ ካዘነበለ የሚጣመመው የሁለቱ ትልም ነው፤ ትልሙን ያየ ሰውም የትኛው በሬ እንዳዘነበለ አያውቅም። ጥምር መሣሪያም እንደዚሁ ነው።

5. ከዚያ ወዲህ የታዩ ማሻሻያዎች

ተመራማሪዎች ከዚህ ላይ አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2010 የቤልጅየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ሌሎችም፣ መሣሪያው የሬዲዮው ሞገድ እንደተቋረጠ ወዲያውኑ እንዲያዳምጥ በማድረግ የአጥንትን አጭር ምልክት ለመያዝ ችለዋል። ሌሎች ደግሞ ቀድሞ ከተሰበሰቡ የብዙ ሰዎች የሲቲና የኤም አር አይ ምስሎች በመነሣት የአዲሱን ታካሚ አጥንት መገመትን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 በክሌስ ላዴፎግድ መሪነት የታተመ የብዙ ማእከላት ጥናት ለአንጎል የቀረቡ 11 ዘዴዎችን ከሲቲ ጋር አስተያይቶ፣ ከመካከላቸው የተሻሉት ልዩነታቸው አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ከላይ የቀረበው ሂስ ሰሚ አጥቶ የቀረ አይደለም፤ ለአንጎል ችግሩ በእጅጉ ተቃልሏል።

ቢሆንም ሁለቱ መንገዶች በባሕርያቸው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አጥንቱን ራሱን ለማድመጥ ይጥራል፤ ሁለተኛው ሌሎች ሰዎች አጥንታቸው የት እንደነበር በማየት የዚህን ሰው ይገምታል። የታካሚው የራስ ቅል በቀዶ ሕክምና የተከፈተ ወይም ከልደት ጀምሮ የተለየ ቢሆን፣ ሁለተኛው ዘዴ የሌለውን አጥንት ሊጨምርለት ይችላል። በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው በኮምፒዩተር የመማር ዘዴም ከዚህ ፈተና ነፃ አይደለም። ቬጋርድ አንቱንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ምስልን ከጥቂት ልኬት የሚያወጡ እንዲህ ያሉ ዘዴዎች ጥቃቅን ለውጥ ሲገጥማቸው በምስሉ ላይ የሌለ ነገር ሊፈጥሩ፣ ያለ ትንሽ ነገርም ሊያጠፉ እንደሚችሉ አሳይተዋል።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2013 በኦሃዮ የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት «የመግነጢሳዊ ሬዞናንስ የጣት አሻራ» የተባለው ዘዴ ለአስተማሪ ልዩ ጥቅም አለው። በዚህ ዘዴ ለብዙ የቲ1ና የቲ2 አማራጮች ምልክቱ ምን ሊመስል እንደሚችል በብሎክ እኩልዮሽ አስቀድሞ ይሰላና በመዝገብ ይቀመጣል፤ ከታካሚው የተለካው ምልክት ከመዝገቡ ጋር ተስተያይቶ በጣም የሚመስለው ይመረጣል። ውጤቱ ንጣትና ጥቁረት ሳይሆን በሚሊ ሴኮንድ የተገለጸ መጠን ነው። እርግጥ በመዝገቡ ያልተጻፈ ነገር አይገኝም። ነገር ግን ሞዴሉ ምን እንደያዘና ምን እንደተወ ፈልጎ ለማየት የሚቻል በመሆኑ ለማስተማር የተመቸ ነው።

6. ለመምህራን ሥልጠና የሚኖረው ፋይዳ

ከዚህ በላይ ከተመለከተው በመነሣት ለሳይንስ መምህራን ሥልጠና የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

ሀ) ስለ ማንኛውም የሕክምና ምስል በሚሰጥ ትምህርት ሦስት ጥያቄዎች አብረው ይቅረቡ። የተለካው መጠን ምንድን ነው? ከተለካው ወደ ምስሉ ለመድረስ የታለፈው ሞዴል ምን ትቷል? የተተወውስ ነገር ውጤቱን ወደየት ያዘነብለዋል? ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ችላ መባል የለበትም፤ ስሕተት መኖሩን ማወቅ ብቻውን ጥርጣሬን ይወልዳል፣ አቅጣጫውን ማወቅ ግን እርማትን ያስገኛል።

ለ) የላውተርበር የሁለት ቱቦዎች ሙከራ፣ በተለይም አንዱ ቱቦ የጠፋበት ምስል፣ በሥዕላዊ መግለጫ ተዘጋጅቶ በማስተማሪያው ይካተት። ሠልጣኙ የጠፋው ቱቦ የት ሄደ ለሚለው ጥያቄ በራሱ አንደበት መልስ እንዲሰጥ ይጠየቅ።

ሐ) የራስ ቅሉ ስሌት በሒሳብና በፊዚክስ ትምህርት ለመመናመን ሕግ መልመጃ ይሁን። የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና የኤክስፖኔንሻል ሰንጠረዥ ብቻ ነው። መሣሪያው በአቅራቢያ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ትምህርቱን አያግደውም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው ጉዳዩ ለተማሪ ይከብዳል የሚል ነው። የብሎክ እኩልዮሽ በሙሉ ይከብዳል ቢባል እውነት ነው፤ አንድ ቱቦ ለምን እንደጠፋ መረዳት ግን ከደጋፊ ሥዕል ጋር የማንኛውም ሠልጣኝ አቅም ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ የምስሉን ጉድለት ማስተማር ሕዝቡ በሕክምና ላይ ያለውን እምነት ያሳጣዋል የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ከገበያ ይገኛል። ሚዛኑ በየትኛው ወገን እንደሚያደላ ያወቀ ነጋዴ ሚዛኑን አይጥልም፤ ልኩን አርሞ ይሸጣል። ሚዛኑን የሚጥለው አለማድላቱን አምኖ ኖሮ አንድ ቀን መታለሉን ያወቀ ሰው ነው።

ማጠቃለያ

ላውተርበር ሁለት መስኮችን አጣምሮ ምስል ሲያወጣ፣ ምስሉ ያለውን ሊሰውር እንደሚችል አብሮ አሳይቷል። የሙኒክ ተመራማሪዎችም አጥንትን ሲተዉ መተዋቸውን በግልጽ ጽፈዋል። በሁለቱም ሥራዎች ግምቱ በጸሐፊዎቹ እጅ ሳለ ግልጽ ነበር፤ የተሰወረው ወደ መሣሪያና ወደ ማስተማሪያ ጽሑፍ ሲተላለፍ ነው። መሣሪያውን የማረም ኃላፊነት የባለሙያዎቹ ሲሆን፣ ማስተማሪያውን የማረም ኃላፊነት ግን የእኛ ነው። ነገ በአንድ ክፍል ውስጥ የአንጎል ምስል የሚያሳይ መምህር ጥቁሩን ቦታ በጣቱ እያመለከተ «ይህ አየር ነው ወይስ አጥንት? በምንስ እናውቃለን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግቡን መትቷል።